በማባዣ ክፍል የተማርኩት ሒሳብ

የመጀመሪያዋን የኢንቴግራል ምልክት በሰም ወረቀት ላይ ስሥል ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ምን እንደሆነች አላውቅም። አንገቷን ቀና፣ ጅራቷን ቆልመም ያደረገች እባብ ናት ብዬ ነው የሣልኳት። የሒሳብ አስተማሪው መምህር ተሾመ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው፣ «ቀስ በይ፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ተማሪው የሚያገኘው ጥቁር ነጠብጣብ ነው» አሉኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ወረቀቱ ተቀደደ። ሌላ አነሣሁ፤ እሱም ተቀደደ። በሦስተኛው ወጣችልኝ።

አሁን ስድሳ ዓመት ሞልቶኝ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ሰኔ የማባዣ ክፍሉን ቁልፍ ሳስረክብ፣ የተረከበችኝ ወጣት ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «እትየ ዘይነባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ መልሱ ረዘመብኝ። በአፍ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ መጻፍ ጀመርኩ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ ዴስክ ላይ ተቀምጬ አልተማርኩምና አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢያነክስ ታገሡኝ።

የተወለድኩት ወግዲ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ አባቴ «ይበቃሻል» አለኝ። በክፋት አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ያኔ መካነ ሰላም ሄዶ ቤት መከራየት ይጠይቅ ነበር፣ እሱ ደግሞ አቅም አልነበረውም። እዚያው ወግዲ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሆኜ ገባሁ። ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ታይፕራይተሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። መንካት ግን አይፈቀድልኝም። የፊደሎቹን አቀማመጥ ካርቶን ላይ ገለበጥኩና ቤቴ ወስጄ ካርቶኑን በጣቶቼ እየመታሁ ለመድኩት። እናቴ ድምፅ የሌለው ነገር ስመታ እያየች፣ «ረቢ ይጠብቃት፣ ይቺ ልጅ ምን ለከፋት?» ትል ነበር። በሁለት ዓመቱ የመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ሲፈልግ ተወዳድሬ አለፍኩ። ደሞዟ ትንሽ ነበረች፤ ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የዛሬ ልጆች ስቴንስል አያውቁም። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። በታይፕራይተሩ ስትመቺው ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ከዚያ ወረቀቱ ማባዣ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል፤ እጀታውን ስታዞሪ ቀለሙ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሌላ ወረቀት ላይ ያርፋል። ታሪክና ጂኦግራፊ ቀላል ናቸው፤ ከፊደል ሌላ የላቸውም። የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ግን ግማሹ ታይፕራይተሩ ላይ የለም። ስኩዌር ሩት የለም፣ ኢንቴግራል የለም፣ ግራፍማ ጨርሶ አይታሰብም። ቦታቸውን ባዶ እየተውኩ አልፍና በኋላ በእጄ እሞላቸዋለሁ። መሣሪያዬ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነበር። ከሥር ጠንከርና ለስለስ ያለ መደገፊያ ከሌለ ወረቀቱ ስለሚቀደድ፣ ከጤና ጣቢያ አሮጌ የራጅ ፊልም ለምኜ አመጣሁ። በማላውቀው ሰው ጎድን አጥንት ላይ ስንት ፓራቦላ እንደሣልኩ አላህ ይወቀው። ስትሳሳቺ ማረሚያው የጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ነው። በስሱ ትቀቢና እስኪደርቅ እፍ ትያለሽ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ደግመሽ ትመቻለሽ። ብዙ ከቀባሽ ፊደሉ አይበሳም፤ ትንሽ ከቀባሽ ያው ስህተቱ ይወጣል።

መካከል ላይ አንድ ዓመት አቀስታ ተዛውሬ ሠርቻለሁ። የአቀስታ ብርድ ቀለሙን ያረጋዋል። ጠዋት ጠዋት የቀለሙን ቱቦ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። ርእሰ መምህሩ በር ላይ ሲያገኘኝ፣ «ዘይነባ፣ ትኩሳቱ ስንት ደረሰ?» ይለኝ ነበር። በዓመቱ መካነ ሰላም ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነቃነቅሁም። ርእሰ መምህራን መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ፈተና የሚባዛበት ክፍል ነው ብሎ መስኮቴን በቆርቆሮ አሸገው፤ ተከታዩ ሠራተኛዋ ታፍና ልትሞት ነው ብሎ አስነቀለው። ወረቀት ላይ ፈርሚ ሲሉኝ እየፈረምኩ ኖርኩ። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀሩት መምህር ተሾመ ናቸው።

መምህር ተሾመ የኩታበር ሰው ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ነገር ሲያጠብቁ «ወላሂ» ነው የሚሉት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናቸውን ታይፕ አደረግኩላቸው። ኤክስ ላይ ከፍ ብላ የምትጻፈዋን ትንሿን ሁለት ከመስመሩ እኩል አድርጌ መታኋት። ለእኔ ሁለት ያው ሁለት ናት። ፈተናው ተባዝቶ ክፍል ገባ፤ ልጆቹ መምህሩ ያላወጡትን ፈተና ተፈተኑ። ርእሰ መምህሩ ሊጠራኝ ነው ተብሎ ሲወራ፣ መምህር ተሾመ ቀድመው ክፍሌ ገቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቁጣቸውን ስጠብቅ ባዶ ወረቀት አወጡና አራት ማዕዘን ሣሉ።

«ይቺ እያንዳንዱ ጎኗ ሦስት ክንድ የሆነ መሬት ናት» አሉኝ። «እኔ የጠየቅሁሽ መሬቱን ሁሉ ነው። አንቺ ሁለቷን ከጎን ስታስቀምጫት ስድስት ክንድ ገመድ ሰጠሽኝ።»

ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት። ገባኝ። ሳቅ መጣብኝ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«የምትመቺውን ካላወቅሽው ሁልጊዜ ትሳሳቻለሽ» አሉ ሲነሡ። «ወላሂ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አልታገሥሽም። ስለዚህ ታውቂዋለሽ።»

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ አዲስ ስቴንስል ላይ አንድ ነገር ያስረዱኝ ጀመር። መልስ አይነግሩም። ልጅም ቢጠይቃቸው፣ እኔም ብጠይቃቸው፣ የመጀመሪያ ቃላቸው «የት ድረስ ታውቂዋለሽ?» ነው። የማውቀው መስመር ላይ ጣቴን እንዳሳርፍ ያደርጉኛል፤ ከዚያች ጣት በታች ያለውን አንድ መስመር ብቻ አብረን እንሄዳለን። ያለቀውን ስቴንስል መስኮቱ ላይ ለጥፈው በብርሃን ያነቡታል፤ የተበሳው ፊደል በፀሐይ ያበራል፣ ያልተበሳው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ለተማሪ የሚሰጡትን እያንዳንዱን ጥያቄ በዚያው ጠዋት በእርሳስ ፈትተው ነው ክፍል የሚገቡት፤ ዐሥር ዓመት ያስተማሩትንም ቢሆን።

ዴሪቬቲቭ የሚባለውን ነገር ሳይገባኝ ስምንት ዓመት መታሁት። ሠላሳ ዓመቴ ላይ ነው የገባኝ። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ። ማን አያውቀውም። መንገዱ ከላይ እስከ ታች ምን ያህል ይወርዳል ብለሽ አትጠይቂ፣ እግርሽ አሁን ባረፈበት ቦታ ላይ ምን ያህል ያዘቀዝቃል ብለሽ ጠይቂ አሉኝ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤቴ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ጫማ እየመረመርኩ ሄድኩ። ሰው አይቶኝ ከሆነ አሞኛል ብሏል። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ያልገባሁበትን የዐሥራ አንደኛና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ በታይፕ ተምሬ ጨረስኩት። ተማሪዎች ጉዳዩን ደረሱበትና እረፍት ላይ መስኮቴ ስር ይሰለፉ ጀመር። «እትየ፣ ቁጥር ሰባትን» ይላሉ። ፈተና አላወጣም፤ የተሰጣቸውን ወርክሺት ነው የማስረዳቸው። መምህራኑ ክፍሌን «ማባዣ ዩኒቨርሲቲ» ብለው ሰየሟት። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ሊሚት አይገባኝም ብላ ዓመቱን ሙሉ አለቀሰች። እንደ መምህር ተሾመ ጣትሽን አሳርፊ አልኳት። ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስንሄድ የጠፋችው ሊሚት ላይ ሳይሆን ስድስተኛ ክፍል፣ ክፍልፋይ መደመር ላይ ሆኖ ተገኘ። አብሽሪ ብዬ ሁለት ሳምንት ክፍልፋይ ሠራን። ሊሚቱ ራሱ መጣ። ዛሬ ደሴ ላይ ፋርማሲ አላት።

መምህር ተሾመ አንድ የማልወድላቸው ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ የዓመቱን ወርክሺቶች ሁሉ ሰብስበው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያቃጥሏቸዋል። ለምን ብዬ ተቆጣሁ። ስንት ሌሊት የሣልኩት ግራፍ! «መጽሐፉም ይለወጣል፣ ልጆቹም ይለወጣሉ። ካላቃጠልኳቸው እሰንፋለሁ፤ የከርሞውን ጥያቄ ከአምና ወረቀት እየቀዳሁ አስተምራለሁ» አሉኝ። እኔ ግን ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ቅጂ ደብቄ አስቀር ነበር። የሃያ ምናምን ዓመት ወርክሺት በምዕራፍ በምዕራፉ ጠርዤ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፌ አኖርኩ። ከዚያ ሁሉ ሥራዬ በእጅ የሚጨበጠው እሱ ብቻ ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ ባሌም በጊዜ ነው የሞተብኝ።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፣ ኩታበር ገቡ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ደርሻለሁ። ትምህርት ቤቱም ኮምፒውተርና ፕሪንተር ገባለት፤ ስቴንስሉ ቀረ። ምልክቶቹን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ውስጥ እየመረጥኩ መትከል ለመድኩ። ኢንቴግራሏም ሳትንቀጠቀጥ ትወጣ ጀመር።

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ነው እስካሁን የዞርኩት።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ እህል ይነግዳል። ፊደል በወጉ አይለይም። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ትልቋ ሰአዳ፣ ትንሿ ራህማ። ሰአዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ማባዣ ክፍሌ እየመጣች፣ ወረቀት እየደረደረች ነው ያደገችው። ዐሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ አንድ ደላላ ወደ ሪያድ እንላካት እያለ ሰይድን ያስጨንቀው ነበር። የጎረቤቶቻቸው ልጆች ሄደው ቤት በቆርቆሮ አሠርተዋል። ሰይድ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ መጣና ምን ላድርግ አለኝ። ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት፣ ናቹራል ሳይንስ ትግባ፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ መሐንዲስ ትሆናለች፣ ሒሳቡን እኔ እይዝላታለሁ አልኩት።

«እትየ፣ እኔ ስለዚህ ነገር አንዳች አላውቅም» አለኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ደላላውን እምቢ እለዋለሁ፤ ሰአዳን ላንቺ ሰጥቻታለሁ።»

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ የሒሳቡ መምህር ሥራ ለቆ ሄደ። ምትክ ሳይመጣ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አለቀ። ያን ዓመት ደግሞ አዲስ መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። የታተመው አልደረሰንም፤ ያለው በሞባይል የሚነበበው ብቻ ነው፣ የሰይድ ቤት ሞባይል ደግሞ ቁልፍ የሚጫን ተራ ስልክ ነው። እኔ ቁም ሳጥኔን ከፈትኩ። መምህር ተሾመ ያቃጠሉትን አወጣሁ። ሰአዳና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ በየቅዳሜው ጠዋት ክፍሌ መጥተው እንድንሠራ ቀጠሮ ያዝን። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። እንዴት ደስ ይል ነበር! ሃያ ዓመት ሙሉ የተቆለፈ ጥያቄ ሁሉ ተከፈተ። ሰአዳ ስትፈታ ምላሷን ወደ ከንፈሯ ጥግ ታወጣለች፤ ጨርሳ ቀና ስትል ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን ነው የምታየው።

የካቲት ላይ አዲስ መምህር መጣ፤ ዮናስ ይባላል፤ ሃያ ስድስት ቢሆነው ነው። በመጣ በሳምንቱ ወርክሺቱን ላትም ብሎ ክፍሌ ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የልጆቹን ወረቀት አነሣ።

«እትየ ዘይነባ፣ ይቺ ከየት መጣች?»

ከዚሁ ቤት ናት አልኩት። ገለጥ ገለጥ አደረጋት።

«ጥያቄዎቹ ቆንጆ ናቸው። አንዳንዱን እኔም አስቤበት ነው የምፈታው» አለ። «ግን እኮ መጽሐፉ ተቀይሯል። ይህ የኢንቴግራል ምዕራፍ አሁን እንዲህ ሰፊ ቦታ የለውም። ልጆቹ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን አይተዋል?»

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚለውን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አላውቀውም ማለት ግን አልፈለግሁም።

«አንተ ሳትወለድ ነው እኔ ይህን ታይፕ ያደረግሁት» አልኩት።

ሳቀ። ልጅ እግር ቢሆንም ጨዋ ነበር። «እሱስ ልክ ነዎት። ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት ቱቶሪያል እጀምራለሁ፤ ይላኩልኝ። ገና ሦስት ወር ስላላቸው ይደርሳሉ።»

ኢንሻአላህ እነግራቸዋለሁ አልኩት። አልነገርኳቸውም።

ለምን አልነገርኳቸውም? ሰው ሁሉ ለራሱ ሰበብ አያጣም፤ እኔም ያኔ ነበረኝ። ይህ ልጅ ከመጣ ሳምንቱ፣ ምን ያውቃል አልኩ። መሠረቱ ካለ ሌላው ይመጣል አልኩ። እውነቱ ግን ቅዳሜ የእኔ መሆኗ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሌላ ሰው ያወጣውን ጥያቄ ስመታ ኖሬ፣ በስተርጅና አስተማሪ ሆኛለሁ። ሦስት ልጆች ደጃፌ ላይ ቆመው «እትየ፣ ዛሬ የትኛውን ነው የምንሠራ?» ይሉኛል። ይህን ለዮናስ ላስረክብ?

ሁለቱ ጓደኞቿ ከሌላ ሰው ሰምተው በሁለተኛው ሳምንት ጠፉ። ወደ ዮናስ ሄዱ። እኔ ጋ የሚያስቀራቸው ዝምድና የለም። ሰአዳ ብቻዋን መጣች። ደብተሯን ሳትከፍት ትንሽ ቆመች።

«አክስቴ፣ አዲሱ መምህር ቅዳሜ ያስተምራል አሉ። እኔም ልሂድ?»

«ካሻሽ ሂጂ» አልኳት። «እኔ ምን ቸገረኝ? የጀመርነውን ብቻዬን ተቀምጬ እጨርሰዋለኋ።»

እምቢ አላልኳትም። እምቢ ብላት ኖሮ አባቷ ዘንድ ሄዳ ትከራከረኝ ነበር። ልጅቷ እንደ ማፈር ብላ ተቀመጠችና ደብተሯን ገለጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዮናስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሦስቱን ወር ከእኔ ጋር ኢንቴግራል ስትሠራ ከረመች። እኔ ደግሞ፣ መምህር ተሾመ በየጠዋቱ የሚፈቱትን ጥያቄ እንኳ አስቀድሜ ሳልፈታ፣ ከጀርባው ያለውን የመልስ ወረቀት እያየሁ ነበር የማርምላት።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። ገብተው አድረው፣ ተፈትነው በአውቶቡስ ተመለሱ። ዳቦ ይዤ ጠበቅኋት። ሒሳቡ እንዴት ነበር አልኳት።

«መስመር እየሣልን የትኛው ማዕዘን እንደሚሻል የምንመርጥበት ብዙ ጥያቄ ነበር» አለች። «እሱን አላየነውም፣ አክስቴ።»

ዮናስ የጠየቀኝ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ያው እሱ ነበር። አላየነውም ነው ያለችው። አላሳየሽኝም አላለችም። እኔ ምን አልኩ? አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል አልኳት። ዮናስ ቀድሞ እንደነገረኝ ያን ጊዜ እንኳ አልነገርኳትም።

ውጤቱ ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን አላገኘችም፤ ሪሚዲያል የሚባለውን ማካካሻ የሚያስገባውንም ለጥቂት አጣችው። በሌላው ትምህርት ደህና ነበረች። የጣላት ሒሳብ ነው። ወደ ዮናስ የሄዱት ሁለቱ ልጆች ሪሚዲያል ገቡ። በግል ተመዝግባ ትፈተን ብዬ ሰይድን ለመንኩት፤ ሰይድም እሺ ብሎ ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው። በጥር ወር ያው ደላላ መጣና ሪያድ ሄደች። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ቀን ትደውልልኛለች፤ አክስቴ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን ትውጫለሽ ወይ ትለኛለች። እመቤቲቱ ትንሽ ልጅ አለቻት፤ የልጅቱን የሒሳብ የቤት ሥራ ሰአዳ ናት የምታሠራት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው።

ቁልፉን አስረክቤ ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ገበያተኛ አልነበረም። ስንዴ እየነፋ ነበር። ከጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። መምህሩ ለእኔ መናገሩን፣ እኔ አለመናገሬን፣ ሰአዳ ስትጠይቀኝ ያልኳትን ቃል ሳይቀር። ወንፊቱን አላቆመም።

«መምህሩ መቼ ነው የነገረሽ?» አለኝ።

«ከፈተናው ሦስት ወር በፊት።»

«ሦስት ወር» አለ። ትንሽ ነፋ፤ አንድ ሁለት ጠጠር ለቅሞ ወደ ውጭ ወረወረ። «አውቀዋለሁ፣ እትየ። ሰአዳ ሳትሄድ ነግራኛለች። መምህሩ ለአንቺ መናገሩን እነዚያ ጓደኞቿ ነግረዋት ነበር፤ ፈተናው ሳይደርስ ነው ያወቀችው።»

ታዲያ ለምን አልሄደችም ብዬ አልጠየቅሁትም። ለምን እንዳልሄደች ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

«አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው» አለ። «ሁለት ዓመት።»

አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። አውፍ ብያለሁ አለኝ፤ ሻይ አስመጣልኝ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ስንዴ ዋጋ አወራን። ሲያባራ ጃንጥላውን ሰጥቶ ሸኘኝ።

በዚያው ክረምት መምህር ዮናስ ደሴ ተዛወረ፤ መካነ ሰላም እንደገና የሒሳብ መምህር አጣች። መስከረም ላይ ትንሿ ራህማ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። እኔ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ፤ ሥራ የለኝም፣ ጊዜ ሞልቶኛል፤ አዲሱንም መጽሐፍ ከኮምፒውተር በወረቀት አስወጥቼ ሊኒየር ፕሮግራሚንግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ነበር። የሚመጣ ሰው አልነበረም። የሆነውን የነገረችኝ የሰይድ ሚስት ናት። ሰይድ ሱቁን ዘግቶ በሚኒባስ አቀስታ ሄደ። ትምህርት ቤቱን ጠይቆ አገኘና ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ፣ የዐሥራ አንድና የዐሥራ ሁለት የሒሳብ መምህር አላችሁ ወይ አላቸው። አለን ሲሉት አሳዩኝ አለ። ወስደው አሳዩት። መምህሩ ሲያስተምር አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ መስኮቱ ሥር ቆሞ አየ። ከዚያ ለራህማ እዚያው አቀስታ ቤት ተከራየላት።